ምዕራፍ ሰባት፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት ምስሉ ምን ይናገራል?

ከዳንግላ ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች የመጡ የ60 ዓመት አባወራ እናስብ። ከሁለት ወር ወዲህ ምግብ አስጠልቷቸዋል። ከእምብርታቸው በላይ የሚጀምረው ሕመም ወደ ጀርባቸው እየዘለቀ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ተባለና የጨጓራ መድኃኒት ወሰዱ። ሳይሻላቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሽንታቸው ጠቆረ፤ ዓይነ ምድራቸው ነጣ፤ ገላቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ የባህል መድኃኒት አዋቂ ጠቆማቸው፤ እሱም ተሞከረ። ጠበልም ገቡ። ክብደታቸው ሲቀንስ፣ ልብሳቸው ሲሰፋባቸው ቤተሰቡ ደነገጠ። ዳንግላ ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ሲታዩ የሐሞት ቱቦአቸው መስፋቱ ተነገራቸው። ሪፈር ተጽፎላቸው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ባሕር ዳር ሲቲ ስካን ተነሡ። ሪፖርቱ ቆሽታቸው ራስ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እጢ መኖሩን ይገልጻል።

ልጃቸው ፊልሙን ይዞ ቀዶ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ አባቴ ኦፕራሲዮን ቢሆኑ ይድናሉ? ከዳኑስ ስንት ጊዜ ይኖራሉ?»

ይህ ምዕራፍ ፊልሙ ለልጁ ጥያቄ ምን ያህል መልስ እንደያዘ ይመረምራል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ራዲዮሎጂስቶች፣ ቀዶ ሐኪሞችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህንኑ ጥያቄ ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ ብዙም አግኝተዋል። ካገኙት ሁሉ ለእኛ ሰው የሚጠቅመው ዋና ቁም ነገር ግን አንድ ነው፦ ምስል የማንንም የሞት ቀን አይቆርጥም፤ የሚቀጥለውን ውሳኔ ግን ያቀናል። ይህንንም የሚያደርገው በትክክለኛው መንገድ የተነሣና ያልቆየ ምስል ብቻ ነው።

ከጨጓራ ጀርባ ያለው አካል

ሐኪሞች ፓንክሪያስ የሚሉት ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት አግድም የተኛ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው አካል ነው። ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል፤ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊንም ያመነጫል። የሐሞት ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት የሚደርሰው በቆሽት ራስ ውስጥ አልፎ ነው። እጢ እዚያ ሲበቅል ቱቦውን ይጫነዋል፤ ሐሞት መውጫ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዓይንም ቢጫ ይሆናል። በቆሽት መካከልና ጅራት ላይ የሚበቅል እጢ ግን ይህን ምልክት ስለማይሰጥ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተሠራጨ በኋላ ነው።

ከቆሽት ካንሰሮች 90 በመቶ ያህሉ ከፈሳሽ ማስተላለፊያ ቱቦዎቹ ግድግዳ የሚነሡ ናቸው። ይህ ምዕራፍም የሚያወራው ስለ እነዚህ ነው። የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2004 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ናቸው) ቀዶ ጥገና ተደርጎለት እስከ 2011 የኖረው ካንሰሩ ሌላ ዓይነት፣ ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሣና ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለነበረ ነው። የእሱን ዕድሜ ለሌላው ሕመምተኛ መለኪያ ማድረግ አይቻልም።

የተለመደው ዓይነት እጅግ ገዳይ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 511 ሺህ ሰዎች በቆሽት ካንሰር ሲያዙ ወደ 467 ሺህ የሚሆኑት ሞተውበታል። የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ የበሽታውን ክብደት ይናገራል።

የመዳን ተስፋ የሚሰጠው ሕክምና እጢውን ከሥሩ አውጥቶ መጣል ነው። የቆሽትን ራስ የማውጣት ቀዶ ጥገና ጀርመናዊው ቫልተር ካውሽ በ1909 በርሊን ላይ ሠራው፤ አሜሪካዊው አለን ዊፕል በ1935 ባሳተመው ሥራ አስፋፋውና በስሙ «ዊፕል» ተብሎ ቀረ። ቀዶ ሐኪሙ የቆሽቱን ራስ፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢትንና የሐሞት ቱቦን ጫፍ አውጥቶ የቀረውን ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦና ጨጓራ ከአንጀት ጋር እንደገና ይሰፋል። ሰዓታት የሚፈጅ፣ አካልን በብርቱ የሚፈትን ሥራ ነው። በሽታው በታወቀበት ጊዜ ለዚህ ቀዶ ጥገና የሚበቁት ከ100 ሕመምተኞች ከ15 እስከ 20 ያህሉ ብቻ ናቸው። እነዚህን ከሌሎቹ የሚለየው ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ምስል ነው።

ጥሩ ፊልም እንዴት ይነሣል?

ለሲቲ ስካን መሠረት የሆነው ስሌት የተጀመረው በአፍሪካ ምድር ነው። ጆሃንስበርግ የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ አለን ኮርማክ በ1956 ኬፕታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ፣ ራጅ በአካል ውስጥ ሲያልፍ በየቦታው ምን ያህል እንደሚዳከም በሒሳብ ማወቅ ይቻል እንደሆነ መመርመር ጀመረ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሐውንስፊልድ ደግሞ መሣሪያውን ሠራ፤ የመጀመሪያዋ ሕመምተኛም ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለንደን ላይ ተነሣች። በ1979 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬም በፊልሙ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ በሐውንስፊልድ መለኪያ ቁጥር አለው፤ ውሃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው።

ለቆሽት ግን ማንኛውም የሆድ ሲቲ ስካን አይበቃም። የቆሽት እጢ በአብዛኛው ደም አጠር ስለሆነ ከጤነኛው ሥጋ የሚለየው ኮንትራስት የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ በተወሰነ ቅጽበት ሲነሣ ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ40 እስከ 50 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ጤነኛው ቆሽት ደምቆ ይታያል፤ እጢው ደብዝዞ ይቀራል፤ ደም ቅዳዎቹም ይጎላሉ። በ70 ሴኮንድ አካባቢ ሲደገም ደም መልሶቹና ጉበቱ ይታያሉ። ምስሉ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ቁራጭ መነሣት አለበት። ያለ ኮንትራስት ወይም በአንድ ጊዜ ብቻ፣ በወፍራም ቁራጭ የተነሣ ፊልም እጢውንም፣ እጢው ከደም ሥር ጋር ያለውን ንክኪም ሊሰውር ይችላል። ቢጫነቱን ለማስታገስ በሐሞት ቱቦ ውስጥ ማስተንፈሻ ቱቦ ከመግባቱ በፊት ሲቲ ስካኑ መነሣቱም ይመረጣል፤ ቱቦው ከገባ በኋላ ብረቱና የሚያስከትለው ብግነት ምስሉን ያበላሹታል።

ከደም ሥር ጋር ያለው ጉርብትና

ራዲዮሎጂስቱ መጀመሪያ የሚያየው እጢው ከታላላቆቹ ደም ሥሮች ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። ከቆሽት ጀርባ ለአንጀት ደም የሚያመጣው ታላቅ ደም ቅዳና ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚመልሰው ደም መልስ ያልፋሉ። እጢው ደም ቅዳውን ካልነካው፣ ደም መልሱንም ካልነካው ወይም ከዙሪያው እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ነክቶ ቅርጹን ካላጎበጠው፣ «ሊወጣ የሚችል» ይባላል። ደም ቅዳውን እስከ 180 ዲግሪ፣ ማለትም እስከ ግማሽ ዙሪያው፣ ሲነካ «ድንበር ላይ ያለ» ነው። ከዚያ በላይ ሲከበው «በቦታው የገፋ» ይባላል፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና መግባትም አይመከርም።

ይህ ክፍፍል ስለ ዕድሜም ይተነብያል። እጢው ደም ሥር ላይ በተጣበቀ ቁጥር ቀዶ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ቅሪት ትቶ የመውጣቱ ዕድል ይጨምራል፤ ቅሪት የቀረበት ሰው ደግሞ በሽታው ቶሎ ያገረሽበታል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች በቅድሚያ ኬሞቴራፒ ወስደው እጢው እንዲዳከም፣ የተደበቀ ስርጭትም ካለ እንዲገለጥ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

ሁለተኛው የሚታየው መጠን ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ እጢ የተሻለ ተስፋ አለው፤ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ግን የከፋ ነው። ሦስተኛው ስርጭት ነው፦ ጉበት፣ ሳንባ፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን። እዚህ ላይ አንድ የተረጋገጠ ስርጭት ሲገኝ ዊፕል መሥራት ሕመምተኛውን ማድከም እንጂ ማዳን አይሆንም። ንፍፊቶችን በተመለከተ ግን ሲቲ ስካን ደካማ ምስክር ነው፤ ትንሽ የሚመስለው ካንሰር ይዞ፣ ትልቅ የሚመስለው በብግነት ብቻ አብጦ ይገኛል።

ዓይን ያለፋቸው ምልክቶች

ባለፉት ዓመታት ተመራማሪዎች በዚያው ፊልም ላይ ቀድሞ ልብ ያልተባሉ ምልክቶችን ማንበብ ጀመሩ። በሂዩስተን ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የሚሠሩ ባለሙያዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት የእጢውንና የጎኑን ጤነኛ ቆሽት ድንበር ለኩ። ብዙ ሰው ድንበሩ ጥርት ብሎ የሚታይ እጢ ለማውጣት ቀላል፣ ለሕመምተኛውም መልካም ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ሆነ፦ ድንበሩ ጎልቶ የሚለይ እጢ ያላቸው ሰዎች ድንበሩ ከተደባለቀባቸው ይልቅ ቶሎ ስርጭት ታየባቸው፤ ዕድሜያቸውም አጠረ። የእጢው ጠባይ በቅርጹ ላይ ይነበባል ማለት ነው።

ከዚህም የሚያስገርመው ስለ እጢው ሳይሆን ስለ ሰውየው የሚናገረው ክፍል ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ሲነሣ የወገብ ጡንቻዎችም አብረው ይቀረጻሉ። በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ ልክ የጡንቻውን ስፋት በመለካት ሰውየው ምን ያህል እንደከሳ ማወቅ ይቻላል። የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ቆሽታቸው ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 557 ሰዎች መርምረው በ2012 እንደገለጹት፣ ጡንቻቸው የሟሸሸ ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ60 በመቶ በላይ ከፍ ያለ ነበር። ለአገራችን ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። እኚህ አባት ባሕር ዳር የደረሱት ሁለት ወር በቅጡ ሳይበሉ ነው። እጢው ላይ ሥልጣን የለንም፤ ምግቡን ማሻሻል፣ የጎደለውን የቆሽት ፈሳሽ በመድኃኒት መተካት፣ በእግር ማራመድ ግን በእጃችን ያለ ሕክምና ነው።

ኮምፒውተር ሲያነብ

አንድ የሲቲ ስካን ምስል የሰው ዓይን ሊለያቸው የማይችላቸው ብዙ የግራጫ ደረጃዎች አሉት። ራዲዮሚክስ የሚባለው ዘርፍ ኮምፒውተር የእጢውን ወጥነትና ዝንጉርጉርነት፣ ቅርጽና ጠርዝ ወደ መቶዎች ቁጥሮች እንዲለውጥ ያደርጋል። ከዚያም ከእነዚህ ቁጥሮች የትኞቹ ረጅም ዕድሜ ከኖሩት፣ የትኞቹስ ቶሎ ከሞቱት ጋር እንደሚሄዱ ያጠናል። ቶሮንቶን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች የተሠሩ ጥናቶች የእጢው ዝንጉርጉርነት ከቀዶ ጥገና በኋላ ካለው ዕድሜ ጋር እንደሚገናኝ አሳይተዋል።

ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ጥንቃቄውም እንዲሁ። ብዙዎቹ ጥናቶች በጥቂት አሥሮች ወይም መቶዎች ሰዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በጥቂት ሰዎች መካከል መቶ ነገር ለሚፈልግ ኮምፒውተር በአጋጣሚ የተገጣጠመውም እንደ እውነት ሊታየው ይችላል። መሣሪያው ሲለወጥ፣ የቁራጩ ውፍረት ሲለያይ፣ ኮንትራስቱ በሌላ ሴኮንድ ሲሰጥ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። ስለዚህ በአንድ ሆስፒታል የተሠራ ስሌት በሌላ ሆስፒታል ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ የማንንም ሕክምና ሊወስን አይገባም።

ምስሉ የማያየው

ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማን የዓባይን መንገድ በካርታ ሲያሰፍር፣ ወንዙ በገደል ውስጥ ስለሚሄድ ብዙውን የተከተለው በአፋፉ ላይ እየተጓዘ፣ ከላይ እያየ ነበር። ራዲዮሎጂስቱም ሆድ ሳይከፈት እንዲሁ ከውጭ ያነባል፤ ካርታው ትክክል ሆኖ ሳለ ከሥር የቀረ ነገር ይኖራል። ከጥቂት ሚሊ ሜትር ያነሱ የጉበት ስርጭቶችና በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ሲቲ ስካን ላይ አይታዩም። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ሐኪሞች ትልቁን ቁስል ከመክፈታቸው በፊት በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ያያሉ፤ ሲኤ 19-9 የሚባለውንም የደም ምርመራ ያክላሉ። ምርመራው የሚለካው ንጥረ ነገር ቢጫነት ባለበት ሰው ያለ ካንሰር ሊጨምር እንደሚችል፣ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ በተፈጥሯቸው ጭራሽ እንደማያመነጩት ማወቅ ይገባል።

ምስል በጨለምተኝነትም ይሳሳታል። የቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች በ2015 እንዳሳተሙት፣ ፎልፊሪኖክስ የተባለውን ጠንካራ ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ሲቲ ስካናቸው አሁንም የማይወጣ እጢ ያሳይባቸው የነበሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከኬሞው በኋላ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ግን 92 በመቶው እጢው ያለ ቅሪት ወጣላቸው። በደም ሥሩ ዙሪያ የታየው ጥላ ካንሰር ሳይሆን ኬሞው የገደለው ሥጋ ጠባሳ ነበር።

ቁጥርም በጥንቃቄ ይነበባል። በ2018 በታተመ ትልቅ የፈረንሳይና የካናዳ ጥናት ከቀዶ ጥገና በኋላ የተሻሻለ ፎልፊሪኖክስ የወሰዱት ሰዎች መካከለኛ ዕድሜ 54 ወር፣ ጌምሲታቢን የተባለውን ኬሞ ብቻ የወሰዱት ደግሞ 35 ወር ሆኗል። «መካከለኛ» ማለት ግማሹ ከዚያ በታች፣ ግማሹ ከዚያ በላይ ኖረ ማለት ነው። ወደ ጥናቱ የገቡት ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በደህና ያገገሙ፣ ብርቱዎች ብቻ ናቸው። ቁጥሩን ወስደን «አባትህ 54 ወር ይኖራሉ» ብንል እውነት አልተናገርንም።

የሚተነበየው ዕድሜ በሆስፒታሉም ይወሰናል። በአሜሪካ በ2002 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ የቆሽት ቀዶ ጥገና እጅግ ጥቂት በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ከ100 ታካሚዎች 16ቱ ሲሞቱ፣ ብዙ በሚሠራባቸው ግን ወደ 4 ዝቅ ብሏል። ያው እጢ፣ ያው ፊልም፤ ልዩነቱ የተካነው እጅና ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ክትትል ነው። በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ጥቁር አንበሳንና ቅዱስ ጳውሎስን በመሳሰሉ ሆስፒታሎች ተሰባስበው መሥራታቸው ለዚህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዳንግላ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመንገድ፣ በማደሪያ፣ በወረፋ ጊዜ ይሄዳል።

የምዕራፉ ዋና ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ከቀዶ ጥገናው በፊት ያለው ምስል ከአራት ሳምንት የበለጠ እንዳይቆይ ያዛሉ፤ የቆሽት ካንሰር በዚያ ጊዜ ውስጥ ጉበት ሊደርስ ይችላልና። በመስከረም ባሕር ዳር የተነሣ ፊልም በጥር ወረፋው ሲደርስ ስለ መስከረሙ እጢ ብቻ ይናገራል። ሂዩስተን ወይም ቶሮንቶ የተሠራ ትንበያ ምስሉና ቢላው የተቀራረቡበትን ሁኔታ መነሻ ያደርጋል፤ በእኛ ዘንድ ሁለቱ ሲራራቁ ትንበያው ይፈርሳል። የራሳችንን ትንበያ ለመሥራት ደግሞ ሕመምተኞቻችን ከቀዶ ጥገና በኋላ ምን እንደሆኑ መከታተልና መመዝገብ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 መጀመሩ ጥሩ መሠረት ነው፤ በባሕር ዳርም ሆነ በእንጅባራ የሚታየው ሕመምተኛ ግን እንዲሁ ሊቆጠርና ክትትል ሊደረግለት ይገባል።

ለልጁ የሚሰጠው መልስ

ቀዶ ሐኪሙ ለልጁ በቅንነት ሊለው የሚችለው ይህን ነው፦ «የአባትህ እጢ ደም ቅዳውን አልነካም፤ ጉበታቸው ላይም የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ሊወጣ ይችላል። ግን ከስተዋል፤ መጀመሪያ እናበርታቸው። ፊልሙም በወረፋ ሁለት ወር ሆኖታል፤ እንደገና እናንሣ። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ቀዶ ጥገናና ኬሞ ሲያገኙ አምስት ዓመት የሚደርሱ አሉ፤ በአብዛኛው ግን በሽታው ይመለሳል።» ይህ መልስ ወር አይቆጥርም፤ ግን ቤተሰቡ ከብት ሸጦ ለማሳከም ወይም ላለማሳከም ለመወሰን፣ ለመቼ እንደሆነም ለማቀድ ይበቃዋል።

ይህን መልስ አባትየውም መስማት አለባቸው። በእኛ ልማድ ካንሰር ሲገኝ ለቤተሰብ ተነግሮ ለሕመምተኛው መደበቁ የተለመደ ነው፤ የሚደረገውም በፍቅር ነው። ነገር ግን የሚቆረጠው የእሳቸው ሰውነት ነው። ኑዛዜ መናዘዝ፣ ዕዳ መክፈል፣ ልጅ መዳር፣ ወይም ቀዶ ጥገናውን ትቼ ከልጆቼ ጋር ልሁን ማለት የእሳቸው መብት ነው። ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠይቆ፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ አገውኛ የሚናገሩ ከሆነ በአገውኛ አስተርጓሚ፣ ሊነግራቸው ይገባል።

አንባቢ ሆይ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ወይም ከ50 ዓመቱ በኋላ ስኳር ድንገት የጀመረውና እየከሳ ያለ ዘመድ ካለህ የወፍ በሽታ ብለህ አትቆይ፤ በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ ይታይ። ሲቲ ስካን ከታዘዘ በኮንትራስት፣ ለቆሽት በሚሆነው መንገድ እንዲነሣ ጠይቅ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትሄድ የታተመውን ፊልምና የሪፖርቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ያዝ፤ የተነሣበትን ቀን ደግሞ ለሐኪሙ አስታውስ። የሆስፒታል ኃላፊዎችም የቆሽት ሕመምተኛን ወረፋ ከምስሉ ቀን ጋር አያይዘው ይያዙ። ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ ሲቲ ስካን ይዞ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገባ ሕመምተኛ ሊኖር አይገባም።